ከሦስት ቦታ ያፈሰሰው ሞተር

መርሳ ውስጥ የሞተር ብስክሌት ሕመም በድምፁ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ከእኔ ጋር ያረጀውን ሞተሬን እየፈታሁ እየገጠምኩ ራሴን አስተማርኩ፤ ከእኔ የተሻለ አስተማሪም አላገኝም ነበር።

ታጣቂዎች ወደ ከተማችን ሲቃረቡ ሞተሬን ጓሮ ገለባ ክምር ውስጥ ቀበርኩት። ሌላው ሰው ዝም ብሎ ይደብቃል፤ እኔ በሙያ ደበቅኩ። ባለቤቴ ከአሮጌ ሻሿ ቀድዳ በሰጠችኝ ጨርቅ ገለባ ሊገባበት የሚችለውን ቀዳዳ ሁሉ ወተፍኩ። ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ በሰፈራችን የተረፈ ሞተር የእኔ ብቻ ነበር። ይህን ሳላወራ የዋልኩበት ቀን የለም።

ያን ሰሞን ግን የቸገረን የባለቤቴ የስኳር ክኒን ነበር። ግማሽ ግማሽ እያደረገች ስትውጥ ከርማ የሦስት ቀን ብቻ ቀራት። ወልድያ አንድ መድኃኒት ቤት ተከፍቷል፣ ክኒኑም አለ ተባለ። መኪና ግን ገና መሄድ አልጀመረም።

ሞተሬን አስነስቼ ወጣሁ። ሲሪንቃ ስደርስ ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ በዘይት ርሷል። መንገድ ዳር ከቆሙት አንዱ፣ “አባባ፣ እኛም ዘይት ካየን ሰንብተናል፤ ድስት እናምጣ?” አለኝ። ሳቁ ሳያልቅ ዞሬ ተመለስኩ።

ዘይት የሚያፈስ ሞተር ላይ ዓይን ይሳሳታል። ዘይቱን ነፋስ ወደ ኋላ ስለሚወስደው የረጠበው ሁሉ የሚያፈሰው አይደለም። ስለዚህ ሞተሩን በቤንዚን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዱቄት ነሰነስኩበት፤ ሲነሳ ዱቄቱ መጀመሪያ የሚርስበት ቦታ ጥፋተኛው ነው። ዘዴው የራሴ ነው። ሌሎችም ያውቁታል ይባላል፤ ከእኔ ሰምተው ይሆናል።

“ሰው ያጣውን ዱቄት ለብረት ታበላለህ?” አለች ባለቤቴ። ቢሆንም አንድ እፍኝ ሰጠችኝ።

ዱቄቱ በግራ፣ በቀኝና በማርሹ በኩል እኩል ራሰ። “ዘይቱን የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች፣ ኦይል ሲሎቹ፣ ሦስቱም አርጅተዋል” ብዬ ፈረድኩ። በማግስቱ ለክፉ ቀን ባስቀመጥኳቸው ቀየርኳቸው። እነሱም አፈሰሱ። “ሣጥን ውስጥ ደርቀው ነው” አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ የመጨረሻዋን ግማሽ ክኒን ውጣ በራፍ ላይ ተቀመጠች። ሌላው ልብሷ ስለተዘረፈ ያንኑ አሮጌ ሻሽ በገዛ ቁራጩ እየጣፈች ነበር።

“ሦስቱም በአንድ ቀን አረጁ?” አለችኝ።

“ጦርነት ነው፤ የማያስረጀው አለ?”

“እሺ፣ የሻሼን ቁራጭ መቼ ነው የምትመልሰው? ሦስት ሰጠሁህ፤ የመለስከው ሁለት ነው።”

“አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ስለ ሞተር እያሰብኩ . . .”

“እኔስ ስለ ምን አወራሁ?”

መፍቻውን አስቀምጬ ቁራጮቹን ቆጠርኩ። አንዱ ቁራጭ ከጭስ ማውጫው፣ አንዱ ከካርቡሬተሩ ገና ሞተሩን ሳላስነሳ ወጥቷል። ሦስተኛው ከሞተሩ አናት በምትወጣው መተንፈሻ ቱቦ ውስጥ ነበር። ሞተር ሲሠራ ውስጡ ያለው አየር መውጫ ካጣ ዘይቱን በየኦይል ሲሉ ገፍቶ ያስወጣዋል። ይህን ለስንቱ ሰው አስተምሬያለሁ።

በፒንሳ ጎትቼ አወጣሁት። ተቀብላኝ ወደ ብርሃን አነሳችና፣ “አልሐምዱሊላህ፣ ቢታጠብ ይሆናል” አለች።

ያን ቀን ወልድያ ደርሼ ስመለስ ሱሪዬ ላይ አንድ ጠብታ አልነበረም። ሲሪንቃ ላይ በደንብ እንዲያዩኝ ቀስ ብዬ አለፍኩ። ያ ቀልደኛ ግን አልነበረም፤ በጣም ቆጨኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሙሉ ክኒን ምላሷ ላይ አስቀመጠች። አጠገቧ ተቀምጬ የሞተሩን ችግር እንዴት እንደደረስኩበት ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ውሃዋን ጠጥታ ስትጨርስ የታጠበውን ሦስተኛ ቁራጭ ሻሿ ላይ መጣፍ ጀመረች።