የአርባ አንዱ ድርሰት

ዘርፈሽዋልን የሚያውቁ ሰዎች ስለ እሷ ሲጠየቁ «ያቺ ክፍሉን የምታስጮኸው» ይላሉ። በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከጎኗ ክፍል ሂሳብ ሳስተምር ጫጫታውን ዓመቱን ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ ምን እንደነበረ ከነአሠራሩ ላስረዳ።

ዘመኑ 1975 ዓ.ም. ነው። ዘርፈሽዋል አሰበ ተፈሪ ውስጥ ስድስተኛ ክፍልን እርሻ ታስተምር ነበር። ከአርባ አንዱ ተማሪዎቿ እኩሌታው የከተማ ልጆች ናቸው፤ እኩሌታው ከዙሪያው ገጠር በእግሩ የሚመጣ፣ በቤቱ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ነው። መጽሐፉም ፈተናውም ግን በአማርኛ ነው። ከገጠር የምትመጣው ሀሊማ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። ያለፈው ዓመት አስተማሪዋ መዝገቡ ላይ «ደካማ» ብሎ ጽፎላታል። ልጅቱ ዝም ያለችው ባልተወለደችበት ቋንቋ ነው፤ በራሷ ቋንቋ የጠየቃት ማንም አልነበረም።

ታኅሣሥ ላይ ትምህርቱ «የአፈር መሸርሸር» ደረሰ። መጽሐፉ አራት መስመር ትርጉም አለው፤ ልጆቹ አራቱንም እንደ ዜማ ይሉታል። መስኮቱን ቢከፍቱት ኮረብታው በጎርፍ ተቦርቡሮ ከፊታቸው ቆሟል፤ የሚያየው ግን የለም። ዘርፈሽዋል መጽሐፉን ዘጋች፤ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋችና «ዝናብ የሚሆን ማነው?» አለች።

አሠራሯ ይህ ነበር። መጀመሪያ፣ ቋሚ ሚና ያለው ልጅ የለም፤ ዛሬ ዝናብ የሆነው ነገ አፈር ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ እርከን። ቀጥሎ፣ ማንም ተጫውቶ ሳይሞክረው ቃል አይጽፍም። እያንዳንዱ አፉ ላይ በመጣለት ቋንቋ ይናገራል፤ አማርኛውን ክፍሉ በሙሉ ተጋግዞ ይፈልገዋል። የተናገሩት ዓረፍተ ነገር የሚቆየው ደግሞ በማግስቱ በዚያ ሚና የቆመው ልጅ ከወደደው ብቻ ነው። ብልሃቱን ልብ በሉልኝ፤ አንድ ሰው ያፈለቀው ቃል በአሥር አፍ ተፈትኖ ነው የሚቀረው። አፈር ሆኖ ተንከባሎ ያየ ልጅ ደግሞ እርከን ለምን እንደሚሠራ ሁለተኛ አይረሳውም።

ሀሊማ የተነሣችው ጎርፍ የመሆን ተራ ሲደርሳት ነው። ልጆቹ እርከን ሆነው ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። መስዑድ የሚባለው የጫት ነጋዴ ልጅ ከዳር ተቀምጦ «ጎርፏ፣ ጫማዬ አዲስ ነው፤ በዚያ በኩል ውረጂ» ይላታል። ክፍሉ ሳቀ። እሷ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ከዚያ ጓደኞቿ እየረዷት በአማርኛ፣ «እኔ መንገድ አልመረጥኩም፤ ክፍት ባገኘሁበት ወረድኩ» አለች። በማግስቱ ጎርፍ የሆነው ልጅ ቃሉን አልለወጠውም፤ ከእሱ በኋላ የመጡትም አልለወጡትም።

እንዲህ እየተጠራቀመ የመጣው ድራማ አንድ ቦታ ግን እምቢ አለ። የላይኛው ገበሬ ውኃውን ይለቅበታል፣ የታችኛው ማሽላው ይወሰድበታል፤ ሁለቱ ሲጣሉ ልጆቹ በየቀኑ በቡጢ ይጨርሱታል። ሀሊማ ጎረቤታቸውን አባ ጂብሪልን ይዛ መጣች፤ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው። ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው አዩና እንዲህ አሉ፦ «ከሳሹ ሲናገር ተከሳሹ ቶሎ አይመልስም። መጀመሪያ የተባለውን ይደግማል። ከሳሹ ‹አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው› ካለ በኋላ ነው መልስ የሚጀመረው። አለዚያ የሚጨቃጨቀው ሁለት ደንቆሮ ነው።» ልጆቹ ይህን አስገቡት። የላይኛው ገበሬ የጎረቤቱን በደል በራሱ አፍ ሦስት ጊዜ ከደገመ በኋላ እርከን ለመሥራት ይነሣል።

በሚያዝያ ሐረር ላይ የትምህርት ቤቶች የድራማ ውድድር እንዳለ ተነገረ፤ የሚሞላ ቅጽ መጣ። «ደራሲ» በሚለው ቦታ ላይ ዘርፈሽዋል የአርባ አንድ ልጆች ስም ያለበት ወረቀት ለጠፈች። የከተማውን የኪነት ቡድን የሚመራው ካድሬ ዘገየ ቅጹን ይዞ መምህራን ክፍል ገባ።

«ይሄ የስም መቆጣጠሪያ ነው ወይስ ድርሰት?»

«የደራሲዎቹ ስም ነው፣ ጓድ ዘገየ።»

«ልጅ ይጫወታል እንጂ አይደርስም። ያንቺን ጻፊ።»

«እኔ አልደረስኩትም።»

«እንግዲያው የእኔን ጻፊ። ሁለት ጊዜ መጥቼ አይቻለሁ፤ አስተያየትም ሰጥቻለሁ።»

አስተያየቱን አስታውሳለሁ፤ «ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ» ነበር።

«እስከ ዓርብ አንድ ስም ካልገባ ሐረር የሚሄድ የለም» ብሎ ወጣ። በየስብሰባው ስለ ጋራ እርሻ፣ ስለ ጋራ ጉልበት ጉሮሮው እስኪነቃ የሚሰብከው ይኸው ሰው ነው። እፊቱ በጋራ የተሠራ ነገር ሲቀመጥለት ባለቤት አልታየውም።

ዘርፈሽዋል ነገሩን ለልጆቹ አቀረበች፤ በአባ ጂብሪል ሥርዓት ተነጋገሩበት።

«የቲቸርን ስም እንጻፍ» አለ መስዑድ። «እኔ ሐረርን ማየት እፈልጋለሁ። ስም አይበላም።»

ሀሊማ ተነሣች። «መስዑድ ያለው፣ የቲቸር ስም ይጻፍ፣ ሐረርን እንይ፣ ስም አይበላም። ያልከው ይህንኑ ነው?»

«አዎ። እዚያ አጎቴ ጋ ደግሞ ሙሸበክ የሚባል ጣፋጭ አለ።»

«ሙሸበክም አለ። እኔ ደግሞ እንዲህ እላለሁ፤ ጎርፍ ሆኜ የተናገርኩትን ማንም አልነገረኝም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ሌላ ሰው አለው ተብሎ ከሚጻፍ እዚሁ ብቀር ይሻለኛል።»

አሁን መድገም የመስዑድ ተራ ነው። «ሀሊማ ያለችው፣ ጎርፍ ሆና የተናገረችውን...» ብሎ ጀመረና ቆመ። ድራማው ውስጥ «ማሽላዬ ልጄ ነው» የምትለዋ ቃል የእሱ ነበረች። እስከ መጨረሻው ደገመላትና «የቲቸር ስም ይቅር» ብሎ ተቀመጠ። ቅጹ ከነአርባ አንድ ስሙ ለዘገየ ተመለሰ።

ዘገየ ልጆቹን አስቀረና ድራማውን ለኪነት ወጣቶቹ ሰጠ። መደጋገሙን ቆረጠው፤ «አንድ ነገር ሁለቴ መስማት ሕዝብ ያሰለቻል» ብሎ። እርቁ የሚመጣው ከዚያ መደጋገም እንደሆነ አልገባውም፤ የእሱ ገበሬዎች የሚታረቁት መፈክር ሰምተው ነው። እንዲያም ሆኖ ሐረር ላይ ሁለተኛ ወጡ። የምስክር ወረቀቱ የዘገየን ስም በደራሲነት ይዞ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ሰኔ ላይ ለዘርፈሽዋል ወደ ቆላዪቱ ቦርደዴ የዝውውር ደብዳቤ ወጣ፤ ምክንያቱ «ደራሲ የሌለው ድራማ በክፍለ ጊዜ ውስጥ በማሠራቷ» ይላል። ትምህርት ቢሮ ልትፈርም ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ።

«ዝውውሩን እቀበላለሁ» አለች ለታይፒስቷ ለሮማነወርቅ። «ደራሲ የሌለው የሚለው ግን ይታረም። አለው፤ አርባ አንድ ነው።»

«እትዬ ዘርፈሽዋል፣ ምን ያደርግልሻል? ያው ቦርደዴ መሄድሽ ነው።»

«እኔ እሄዳለሁ። ልጆቹ እዚሁ ናቸው።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሣችም። ሮማነወርቅ ደጋግማ አየቻት፤ በመጨረሻ ካርቦን አስገብታ እንደገና መታችው። ኃላፊው ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ሳያነበው ፈረመበት። አሁን «አርባ አንድ ተማሪዎች የደረሱትን ድራማ በማሠራቷ» ይላል፤ ግልባጩም ለአራት ቢሮ ሄደ።

በማግስቱ ደብዳቤውን ክፍል ውስጥ አነበበችላቸው።

«ቁጥር ብቻ ነው» አለ መስዑድ። «ስማችን የለም።»

ዘርፈሽዋል ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች፤ ወረቀቱን ገልብጣ ፊት ለፊት ለተቀመጡት ልጆች ሰጠቻቸው።