የሄዘል የወገብ ሕመም

ሄዘል ብሮክልስቢና እኔ እንግሊዝ አገር፣ ግሪምስቢ ወደብ፣ አንድ የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ቆመን ዓሣ ከአጥንቱ ስንለይ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖን ነበር። ከዚያ በፊት በአየር ኃይል የራዳር ሠራተኛ እንደነበረች፣ በወገብ ሕመም እንደተሰናበተች ነግራኝ ነበር። ስለዚህ ከባድ ሣጥን ሲመጣ የማነሳው እኔ ነበርኩ።

እ.ኤ.አ. በጥር 2000፣ አንድ ረቡዕ ቀን፣ ሬዲዮው ወሬ አመጣ፦ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎች ከእንግዲህ ሳይደበቁ ውትድርና ማገልገል ይችላሉ። ከሠራተኞቹ አንዷ «መርከቡ ላይ መጋረጃ ሊሰቀልላቸው ነው በይኛ» ብላ አሳቀችን። ሄዘል ግን ቢላዋዋን አስቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምነው፣ ወገብሽን ነው?» አልኳት።

«ወገቤን አሞኝ አያውቅም» አለች።

እዚያው ቆማ ነገረችኝ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ሳለ ሁለት የጦር ፖሊሶች በጠዋት ክፍሏ ገቡ፤ ሞይራ የምትባል የሥራ ጓደኛዋ የጻፈችላትን የፍቅር ደብዳቤዎች ከፍራሹ ሥር አወጡ። አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ሌላው መዘገበ። በማግስቱ እሷም ሞይራም ተባረሩ።

ያን ሁሉ ሣጥን ስላሸከመችኝ ልቆጣት ይሁን ላቅፋት አላወቅኩም።

ከሥራ ስንወጣ «ለአባቴም የነገርኩት ያንኑ የወገብ ውሸት ነው። እውነቱን ብቻዬን ልነግረው አልችልም፣ አብረሽኝ ነይ» አለችኝ። አባቷ ክሊፎርድ፣ ጡረታ የወጡ ዓሣ አጥማጅ፣ ስንደርስ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ድንች ይልጡ ነበር።

«አባዬ፣ ከአየር ኃይል የወጣሁት በወገቤ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«አዛዥሽ ያኔውኑ ጽፎልኛል። ከነምክንያቱ።»

ሄዘል ወንበር ስባ ተቀመጠች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር!

«ታዲያ የከሰሉን ከረጢት ከእጄ የምትነጥቀኝ ለምን ነበር?»

«ያመኛል አልሽ። ውሸታም ላድርግሽ እንዴ?» አሉ። «መልስ ጽፌለት ነበር። ልጄን ወደ ሥራዋ መልሳት አልኩት። ዝም አለኝ።»

«ለእኔ ነበር መናገር የነበረብህ።»

«ነበረብኝ» አሉ፣ ቢላዋውን አስቀምጠው። ቀጥለውም «አብራሽ የተባረረችው ልጅስ? የት ደረሰች?» አሉ።

ሄዘል «አላውቅም» አለች። ደብዳቤዎቹን ሳትቀድ በማስቀመጧ ሞይራን ያስባረረቻት እሷ መሆኗን እያሰበች፣ አንድ ቀን እንኳ አልፈለገቻትም ነበር።

አየር ኃይል እንዲመልሳት አመለከተች። ሁለት መስመር መልስ መጣላት፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶሻል፣ ዕድሜሽ አልፏል። እኔ ተናደድኩ፤ እሷ ግን ሞይራን ማፈላለግ ይዛ ነበር። እንደሷ የተባረሩ ሰዎች ካቋቋሙት ማኅበር አድራሻዋን አገኘች። ሞይራ በአቅራቢያችን ካለው ወንዝ ማዶ፣ ሃል ከተማ፣ አውቶቡስ ትነዳለች። ከእኛ አንድ ሰዓት እንኳ አይርቅም።

ቅዳሜ ሄደች። ሰኞ ሥራ ቀረች። ማክሰኞ ዓይኗ አብጦ መጣች።

«ምን አለችሽ?»

«በሩን ከፍታ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ‹ግቢ፣ ይበርዳል› አለችኝ።»

ሌላውን አልነገረችኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄደች።