ቤት የሚሸከም ሰው

ጎረቤቴ የጃቫ ሴት ናት። ጃቫ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያለ ደሴት ነው፤ እኔም የሰማሁት ከእሷ ነው። የተዋወቅነው እዚህ ካናዳ፣ ሬክስዴል ካለው ቢልዲንጋችን ምድር ቤት፣ ላውንደሪ ክፍል ውስጥ ነበር። ማሽኑ ሳንቲሟን በልቶባት በዐረብኛ ስትረግመው ሰማኋትና ሳቄ አመለጠኝ። ዞር ብላ፣ «ምን ያስቅሻል? ያንቺንም ይበላዋል» አለችኝ። እውነትም የኔንም በላው።

እሷ ሪያድ፣ እኔ ጂዳ፣ ሁለታችንም የሰው ቤት ስንጠርግ ነው ዕድሜያችን ያለቀው። ስለዚህ የምናወራው በማዳሞች ዐረብኛ ነው፤ አምጪ፣ ውሰጂ፣ ፍጠኚ፣ ይኼ አልጠራም። ሌላ መግባቢያ የለንም። ልጄ፣ «እማዬ፣ ሁለታችሁ ስታወሩ የምትጣሉ ነው የሚመስለው፤ ኮሪደር ድረስ ይሰማል» ትለኛለች። ምን ላድርግ፣ ያስተማሩን ሰዎች አነጋገራቸው እንደዚያ ነበር። እሷ ትሰግዳለች፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። እሷ ስትሰግድ እኔ ዝም፣ እኔ ስጸልይ እሷ ዝም።

የኔ ነገር እግሬ አያርፍም። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። የእንግሊዝኛውን አላነበውም፤ ስለዚህ የመጣልኝን አውቶቡስ እሳፈርና መጨረሻው ደርሼ በዚያው እመለሳለሁ። ጎረቤቴም አብራኝ መዞር ጀመረች። ጉልበቷን ስለሚያማት መስኮት ዳር ትቀመጥና ስለ መንደሯ ታወራለች። ውጪ በረዶው መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ቀልጦ፣ ጠቁሮ ጭቃ ሆኗል፤ እሷ የምታወራው ስለ ሩዝ ማሳ ነው።

በመንደሯ መሬቱ የአንድ ሰው፣ መሬቱ ላይ ያለው ዛፍ የሌላ ሰው፣ ቤቱ ደግሞ የሌላ ሊሆን ይችላል አለችኝ። የአያቷ ኮኮናት ዛፍ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ ፍሬውን የሚያወርዱት ግን እነሱ ነበሩ።

«ጎረቤቱ ዝም ይላል?» አልኳት።

«ጥላው የሱ ነው፤ ሌላ ምን ይፈልጋል?»

ወላጆቿ ሲሞቱ መሬቱ ለወንድሟ፣ ቤቱ ለሷ ደረሰ። የመጨረሻዋ ሴት ልጅ እናት አባቷን ትጦራለች ተብሎ ቤቱ ለሷ ይቀራል። እሷ ግን ዐረብ አገር ነበረች፤ የጦረቻቸው በምትልከው ነው። ቤቱ የጠንካራ እንጨት ቤት ነው፤ ምሰሶና ወራጁ ያለ ሚስማር እርስ በርሱ ተሰካክቶ የቆመ። የጣሪያው ሸክላ ወርዶ፣ ግድግዳው ተነቅሎ፣ አጥንቱ እንዳለ በሰው ትከሻ ከቦታ ቦታ ይሄዳል ብትለኝ አላመንኳትም።

«ቤት እንደ አልጋ ይነሳል?»

«አንቺ አበሻ፣ አገርሽ ቤት የለም እንዴ?»

«አለ፤ ግን አርፎ ይቀመጣል።»

ባለፈው ዊንተር ወንድሟ ሞተ። ልጁ መሬቱን ለዶሮ እርባታ ሸጠውና አክስቱን፣ «ቤትሽን አንሺ» አላት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሩዙ ታጭዶ እስኪያልቅ ጊዜ ሰጥቷታል። እሷም በሪያድ ደመወዟ የገዛችው ቁራሽ መሬት መንገድ ዳር አላት፤ ከቤቱ ሩቅ አይደለም። የጎደለው ሰው ብቻ ነበር። ቤቱ እዚያ ከቆመ ከካናዳ ጠቅልላ ልትሄድ፣ ቀሪ ዕድሜዋን እዚያው ልትጨርስ፣ እዚያው ልትቀበር ነው ሐሳቧ።

መንደር ወደቀረችው የእህቷ ልጅ ቪዲዮ ኮል አደረገች። እኔ ሶፋው ላይ አጠገቧ ነኝ። በቋንቋቸው ታወራና ወደኔ ዞራ በዐረብኛ ትነግረኛለች።

«ጎረቤቱን ጥሪልኝ» አለቻት።

ልጅቱ፣ «አክስቴ፣ ማንን ልጥራ?» አለች።

«ሰዉን ነዋ!»

«ስጠራቸው ‹እሷ ለማን መጥታ ታውቃለች?› ነው የሚሉኝ።»

ይኼን ስትነግረኝ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። በኛም አገር ወንፈል አለ። የኔን ታጭዳለህ፣ የአንተን አጭዳለሁ። ላልሄደ አይመጣለትም። ማንም አይጽፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ጎረቤቴ የማንም ቤት ሲነሳ ሩዝ አላበሰለችም፤ የማንም ሰርግ ላይ ሽንኩርት አልላጠችም። ስትልክ የኖረችው ገንዘብ ለመድኃኒትና ለልጆች ትምህርት ሄደ እንጂ የጎረቤት ደጅ አልደረሰም።

«ከከተማ በደመወዝ ሠራተኛ ይምጣ» አልኳት። ነገሩን ማቅለሌ ነበር።

ተቆጣች። «ቤቴን ያልተሸከመ ሰው ሬሳዬን ይሸከማል?»

እድር የሌለው ሰው ሲሞት አይቻለሁ።

እኛ ጋ ሲመሽ እነሱ ጋ ይነጋል። ቤቱ የሚነሳ ቀን እራት አቅርቤ ሳንነካው፣ ስልኩን የስኳር ዕቃ ላይ አስደግፈን ተቀመጥን። የእህቷ ልጅ መንደሩን የሚያበላ ሩዝ በትልልቅ ድስት ቀቅላለች። ግቢው ውስጥ ያሉት ግን ጥቂት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ወጣቱ ማሌዥያ ነው፣ ከተማ ነው፣ ፋብሪካ ነው። መንደር የቀሩትም በሞተር ሳይክል ሲያልፉ ከጀርባ ይታዩኛል፤ አይቆሙም።

ሽማግሌዎቹ መሰላል አቁመው ሸክላውን እየተቀባበሉ ማውረድ ጀመሩ። አንድ ጥርሱ ያለቀ ሰው ፊቱን ስልኩ ውስጥ ሊከት ምንም ሳይቀረው አንድ ነገር አላት። ሳቀች። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ነገር ሲላት ሳቋን አቆመች።

«ምን አለሽ?»

«ልጅ ሆኜ ማንጎ የምሰርቅበት ሰው ነው። ‹አሁንም ሌባ ትመስያለሽ› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«‹እኔ የመጣሁት ለእናትሽ ነው፤ ሚስቴ የሞተች ጊዜ ከቤቴ አልወጣችም› አለኝ።»

«ላንቺስ?»

«ለኔ አላለም።»

ሸክላው ወርዶ፣ ግድግዳው ተነቅሎ ሲያልቅ፣ መሸከሚያውን ቀርከሃ ከሥር አስገብተው አንዴ ሞከሩት። ቤቱ ንቅንቅ አላለም። አንደኛው ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሄዱ። የእህቷ ልጅ ስልኩን ወደ ድስቶቹ አዞረችው። ሩዙ ገና አልተጋመሰም።

ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ገባ። ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ውሃ ተኝቶ አየን። አንድ የአሮጌ እንጨት ነጋዴ ባሕር ዳርቻ ለሚሠራ ሆቴል እፈልገዋለሁ አለ፤ እሷም ይውሰደው አለች። በደመወዝ የመጡ ሰዎች ምሰሶውን ለያይተው በጭነት መኪና ጫኑት።

ያን ቀን በሯ ላይ ሆኜ ልቅሶዋን ሰማሁ። ገብቼ ላጽናናት ቃል ፈለግኩ። የማውቀው ዐረብኛ ሁሉ ተነሺ፣ ጥረጊ፣ ፍጠኚ ነው። «መዓሊሽ» አልኳት፤ ምንም አይደለም ማለት ነው። ውሸት ሆነብኝ። ስለዚህ በአማርኛ፣ «እኔን፣ እህቴን፣ እኔን ይድፋኝ» አልኳት። እሷም በራሷ ቋንቋ ብዙ ነገር ነገረችኝ። ምን እንዳለች አላውቅም፤ እስክትጨርስ ግን እጇን ይዤ ሰማኋት። ከዚያ ወዲህ አገሯ ስለምትገባበት ትኬት አንስታ አታውቅም።

የወር መጨረሻ ቢልዲንጋችን ይታመሳል፤ ሙቭ የሚያደርግ፣ ቤት የሚቀይር ሰው ኤሌቬተሩን ይይዘዋል። ባለፈው ወር ማለቂያ ላይ በሬን አንኳኳች። በእጇ ትልቅ ድስት ይዛለች።

«አንዲት ሴትዮ ስምንተኛ ፎቅ ልትገባ ዕቃ ከመኪና እያወረደች ነው። ነይ።»

«እናውቃታለን?»

«አናውቃትም። ነይ እንጂ፣ ሳህኖቹን ያዢልኝ።»

ታች ወረድን። ሠራተኞች ሶፋ ይጎትታሉ፤ ሴትዮዋ ስልኳን ይዛ ታዛቸዋለች። ጎረቤቴ ድስቱን ለኔ ሰጠችኝና፣ ጉልበቷን እየጎተተች ሄዳ ከመሬት የጠረጴዛ መብራት አነሳች። ሴትዮዋ ደንግጣ «ኤክስኪዩዝ ሚ!» ብላ መብራቱን ተቀበለቻት። ጎረቤቴ ወደ ድስቱ አሳየቻትና ክዳኑን ከፈተችው። ሴትዮዋ የምንሸጥ መሰላት መሰለኝ፤ ቦርሳዋን ነካ አድርጋ፣ «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ» አለች። ሠራተኞቹንም እንዲበሉ ጋበዝናቸው። አንደኛው ፈገግ ብሎ ሰዓቱን አሳየን። ኤሌቬተሩ ተዘጋ።

ሎቢው ውስጥ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሩዙ በኮኮናት ወተት የበሰለ ነው፤ ገና ይሞቃል።

«ወደ ቤት እንመለስ?» አልኳት።

«በምን? ኤሌቬተሩን ይዘውታል» አለችኝ።

በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ እግራችን ድረስ ይመጣል። ሳህን ሞልታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። በላሁት። ደገመችልኝ። በቃኝ ብላትም አልሰማችኝም፤ ድስቱ ውስጥ ገና ብዙ ነበር።