ጀልባዋ ከመታቻት በኋላ

ሠፈሩ «ካውያዋ» ይላታል። ልብስ አጥበው የሚተኩሱበት ቤት ውስጥ ስለምትሠራ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ስለምትግልም ጭምር ነው። ደንበኛ ኮሌታዬ ቆሻሻው አልለቀቀም ካላት፣ «መጀመሪያ አንገትህን ታጥበህ ና!» ትለዋለች። ሰውየው ስቆ ይሄድና በሳምንቱ ሌላ ሸሚዝ ይዞ ይመጣል። የአውቶቡስ ሹፌሩ ባሏም የወደዳት እንዲሁ ነው። የደንብ ልብሱን ሊወስድ መጥቶ ስድብ ጠግቦ ሄደ፤ በማግስቱ ምንም ያልቆሸሸ ሱሪ ይዞ ተመለሰ።

ከመጋባታቸው ብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ሐይቅ ውስጥ ስትዋኝ ሞተር ያላት ትንሽ ጀልባ ጭንቅላቷን መትታት ነበር። ነጂው ፀሐይ ዓይኑን ወግታው አላያትም። ባሏ ይህን ያውቃል፤ ከጆሮዋ በላይ ያለውንም ጠባሳ ደጋግሞ ዳስሶታል። ግን ቁስል ነው፣ ድኗል፣ አለቀ ብሎ ነበር የሚያስበው። እሷም ብትሆን ከዚያ ቀን አንዲት ነገር አታስታውስም፤ ከዚያ በፊት ያለውም ድብዝዝ ብሎባታል፤ የምታውቀው ሰው የነገራትን ነው።

በቅርቡ ግን ነገሩ ይዛባባት ጀመር። የከረመው ራስ ምታቷ ባሰባት። ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ወለሉ ይዞርባታል። «መስቀያውን አቀብሉኝ» ማለት ፈልጋ «መሰላሉን» ትላለች። አንድ ቀን የግዙፉን ሥጋ ቆራጭ ሱሪ ለቀጫጫው አስተማሪ ሰጠችው። አስተማሪው ተመልሶ መጣና፣ «እመቤቴ፣ እዚህ ውስጥ እኔና ባለቤቴ ተያይዘን እንገባለን» አላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አታጣም ነበር። ያን ዕለት ግን ሱሪውን ታቅፋ አለቀሰች።

ባሏና ታላቅ እህቷ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሐኪሟ መረመረቻትና፣ «ከዚያ አደጋ ወዲህ ጠባይዋ ተለውጦ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ በጭራሽ! ሁሌም እንዲሁ ናት» አለ ባል።

እህት ዞር ብላ አየችው። «አንተ ምኑን ታውቃለህ? እህቴ'ኮ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ነበረች። ሰው እግሯን ቢረግጣት ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። እናታችን 'ውሃው ልጄን አስቀርቶ ሌላ ሰው ሰጠኝ' እንዳለች ነው ያለፈችው።»

ካውያዋ ክው አለች። ይህን እስከዛሬ ማንም ነግሯት አያውቅም።

ሐኪሟ ሳትቸኩል አስረዳቻቸው። እንዲህ ያለ ምት ከዓመታት በኋላም ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የቃል መጥፋት ሊያስከትል ይችላል፤ ቁጣም እንዲሁ። «የትኛው ከምቱ፣ የትኛው ከራሷ እንደሆነ ግን እኔም ለይቼ አልናገርም» አለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባሏን፣ «ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ጀልባዋ የሠራቻትን?» አለችው።

«እኔ እንጃ። እኔ የማውቃት የሰደበችኝን ነው።»

የታዘዘላትን መድኃኒት ጀመረች። ራስ ምታቷ ቀለል አለ፤ እሷም ረጋ አለች። እህቷ «እህቴ መጣችልኝ!» እያለች በየሳምንቱ መመላለስ ጀመረች። ባሏ ግን እራት ላይ ሰርቆ ያያታል።

«ተቆጥተሻል እንዴ?»

«አልተቆጣሁም።»

«እሱ'ኮ ነው ያስጨነቀኝ።»

የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋባት። ስትቆጣ ይህ የኔ ነው ወይስ የምቱ ትላለች፤ ዝም ስትልም ያው። በመጨረሻ ባሏም እህቷም በተቀመጡበት፣ «መድኃኒቱን የምውጠው ራሴን ስለሚያመኝ ነው። ለአንቺም ለእሱም ብዬ አይደለም!» አለች። ባልና እህት ተያዩ። በቁጣ ይሁን በእርጋታ የተናገረችው ሁለቱም አልገባቸውም።

አሁን ደንበኛ የሚቀበለው ሌላ ሰው ነው፤ እሷ እንዳያዞራት ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትተኩሳለች። ቃላት ዛሬም ያመልጧታል። እህቷ ስትመጣ ስለዚያች ዝምተኛ ልጅ እንድታወራላት ትጠይቃታለች፤ ሲነገራትም እንደ ጎረቤት ልጅ ወሬ ታዳምጣለች። ልጅቷ አንዳንዴ ታሳዝናታለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ታበሽቃታለች።