ሦስት ኤክስ ላይ የቆመ ክፍል

ቡታጅራ ማስተማር የጀመርኩ ቀን በትልቁ የእንጨት ኮምፓስ ሰሌዳ ላይ ክብ ልሠራ ተነሣሁ። ጠመኔው መሐል ላይ ተሰበረ፤ እጄ ግን አልቆመም። «ቲቸር፣ ቆጮ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ። እውነት ለመናገር ቆጮ ይሻላል፤ ቢያንስ ክብ ነው።

ከዓመታት በኋላ ፕላዝማ መጣ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው መምህርት በእንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ የኔ ሥራ የብረት ሳጥኑን ከፍቶ ማብራት፣ ሲያልቅ መቆለፍ ሆነ። ባለቤቴ «ዛሬስ ምን አስተማርክ?» ስትለኝ «ቁልፉ አልጠፋም» እላት ነበር።

አንድ ቀን የተማሪዬ የዘይነባ አባት መጡ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ መምህር። ልጅቷ በሒሳብ አልሆነላትም አሉኝ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ከወደቀች አዲስ አበባ አጎቷ ሱቅ ትገባለች።»

«ወአለይኩም ሰላም። ትንሽ አይታገሷትም፣ ሐጂ?»

«ሱቅስ ሒሳብ አይደል?»

ያለችበትን ለማወቅ ለክፍሉ አንዲት ጥያቄ ሰጠሁ፦ 5x − 8 = 2x + 4፤ x ስንት ነው?

ማረም ጀመርኩ። የመጀመሪያው ወረቀት 5x − 2x = 4 + 8 ይላል፤ ቀጥሎ 3x = 12፤ ከሥሩ ሁለት መስመር። አበቃ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። «ተኮራረጁ!» ብዬ ለሌላው ክፍል ያንኑ ጥያቄ ሰጠሁ። እነሱም 3x = 12 ላይ ቆመዋል። አንድም x = 4 ያለ የለም።

በማግስቱ ዘይነባን ጠየቅኋት።

«x ስንት ነው?»

«ሦስት ኤክስ እኩል ይሆናል አሥራ ሁለት፣ ቲቸር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሴትየዋ ትሄዳለች።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ዕለቱን የፕላዝማዋ መምህርት እኩልታ ስትሠራ ከተማሪዎቹ ኋላ ቆሜ አየሁ። እነሱ ሦስተኛውን መስመር እየገለበጡ ሳለ አራተኛው ብልጭ አለና ስክሪኑ ተለወጠ። ክው አልኩ። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የመጨረሻዋን መስመር ጽፈው አያውቁም። መልስ ከሥሩ ሁለቴ ይሰመራል ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ያቺን ሕግ አልረሱም። እኔ እስከዚያ ቀን እነሱን ሳይሆን መምህርቷን ነበር የማየው፤ ቆንጆ ነበረች።

ፕላዝማውን አጠፋሁት። ርዕሰ መምህሩ፣ ድሮ ያስተማርኩት ልጅ፣ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ሱፐርቫይዘር ቢመጣስ?»

«መብራት ጠፍቷል በለው።»

«አምፖሉ በርቷል እኮ!»

«እሱንም አጥፋው።»

ጠመኔ አነሣሁ። «አሥራ ሁለትን ለሦስት ብናካፍል?»

«አራት!» አለች ዘይነባ በቁጣ። «አራት መሆኑንማ አውቅ ነበር። ይጻፋል ያለኝ የለም እንጂ!»

ይህ ከወረቀቶቹ ይልቅ አስደነገጠኝ። በx ቦታ አራትን አስገቢ አልኳት። በግራ ሃያ ሲቀነስ ስምንት፣ አሥራ ሁለት። በቀኝ ስምንት ሲደመር አራት፣ አሥራ ሁለት። «ኧረ እኩል መጣ!» አለ ክፍሉ። እኩልታ እኩል መሆኑን ያን ቀን ገና ማየታቸው ነበር።

እስከ ፈተናው ድረስ በጠመኔ ሠራን። ዘይነባ አለፈች፤ ሱቁም ሌላ ሰው ተቀጠረበት።

ለአዲስ መምህራን የምለው ይኼን ነው፦ ዳስተር ከማንሣታችሁ በፊት የተማሪዎቹን እስክሪብቶ እዩ። አንዱ እንኳ እየጻፈ ከሆነ አታጥፉ።