ያላልኩት አሚን

የባቡር ቀያሾች ወደ ቆቦ የመጡ ሰሞን የሆነ ነገር ነው። ዓመቱን ስቆጥረው ከአሥር አልፏል። የሰፈሬ ሰው ዛሬም ድረስ ያንን ምርቃት እያነሳ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን አንዲት ነገር ጉሮሮዬ ላይ ትቀራለች። ይህንን የምጽፈውም ለእሷ ብዬ ነው።

ዘሀራ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቴ ከቆቦ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዋጃ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ ነው። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት። ከፊት ባለው ክፍል የስፌት መኪናዬ አለ፤ ከኋላ ባለው እናቴ ትተኛ ነበር። እናቴን እግሯን ከያዛት ቆይቷል፤ ደግፌ ካላነሳኋት አትነሳም።

አንድ ጠዋት ቆብ ያደረጉ ልጆች ባለ ሦስት እግር መነጽር ተክለው ሲያነጣጥሩ አረፈዱና ጓሮዬ ውስጥ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል መትተው ሊሄዱ ሲሉ፣ "ምንድን ነው ይሄ?" አልኳቸው።

"እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! የባቡር ጣቢያ ሊሠራ ነው" አለኝ አንዱ።

እማማ! ያኔ አርባ እንኳ አልሞላኝም።

ችካሉ የገባው በማድቤቴና በሽንት ቤቴ መካከል ነው። ቤቴና ማድቤቴ ጣቢያው ውስጥ ገቡ፣ ሽንት ቤቴ ውጭ ቀረ። ጎረቤቴ ጋሽ ደሳለኝ፣ "አንቺ ምን አለብሽ፣ ቁርስና ምሳ ለተሳፋሪ እየሸጥሽ ትከብሪያለሽ፤ ሽንት ቤት ለሚፈልግም መንገዱን ታሳያለሽ" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ቀልዱ ብዙ አልቆየም። ከቀበሌ መጡና ከችካሉ ወዲህ ያለ ቤት ሁሉ መሸጥ፣ ማከራየት፣ መሥራት፣ ማደስ ክልክል ነው አሉን።

"እስከ መቼ?"

"ካሳ እስኪከፈል።"

"ካሳውስ መቼ ነው?"

"ዲዛይኑ ሲያልቅ።"

"እሱስ?"

"ከላይ ሲመጣ።"

ከላይ ማለት የት እንደሆነ የነገረን የለም።

በዚያው ክረምት ከተራራው የወረደ ጎርፍ የእናቴን ክፍል የኋላ ግድግዳ ከሥሩ በላው። ማገሩ በሰበሰ፣ ግድግዳው ሆዱ ተነፋ። በጋው ሲገባ ላፈርሰውና በድንጋይ መሠረት ላሠራው አሰብኩ። አይቻልም ተባልኩ። እሺ፣ ቢያንስ እንዳይወድቅ ብዬ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ከውጭ በኩል አስደገፍኩት። በሦስተኛው ቀን ደንብ አስከባሪዎች መጥተው "ይሄ አዲስ ግንባታ ነው" ብለው ግንዶቹን ነቅለው ወሰዱ። ወላሂ፣ ደረቅ ግንድ ግንባታ ሆነ!

የእናቴን አልጋ ከግድግዳው ጎትቼ አራቅሁት። ግን ክፍሉ ጠባብ ነው፣ የት ድረስ ይርቃል? ደህና ዝናብ ከመጣ ግድግዳው እላይዋ ላይ ነው የሚወድቀው። ሌላ ቤት ልከራይልሽ ብላት፣ "ሬሳዬ ካልሆነ ከዚህ አይወጣም" ብላ ድርቅ አለች። ሸጬ እንዳልሄድ መሸጥ የለም፣ አድሼ እንዳልቀመጥ ማደስ የለም። የገዛ ቤቴ እስር ቤት ሆነብኝ። መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እየሰፋሁ ከጓዳ ትንሽ ኮሽ ባለ ቁጥር እግሬ ከፔዳሉ ላይ ይነሳል።

ዝናቡ ሁለት ወር ሲቀረው፣ "ነዋሪው በጣቢያው ልማት ላይ ጥያቄ ካለው መጥቶ ይጠይቅ" ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። እሰይ አልን። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ጥያቄዎቹን እኔ እንድጽፍና እንዳነብ መረጠኝ። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ ውሸት አይደለም። ከደብተር ላይ ወረቀት ገንጥዬ ጻፍኩ። የተጎዳ ቤት ማደስ ይፈቀድ ወይ? ካሳው ሳይከፈል ቤት ይፈርሳል ወይ? የጋሽ ደሳለኝ ከብቶች ሐዲዱን በየት በኩል ተሻግረው ውኃ ይጠጣሉ? ጣቢያው ሲከፈት ሥራውን የሚያገኘው የኛ ልጅ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ የሚመጣ? እንዲህ እያልን ወረቀቱ በፊትም በጀርባም ሞላ።

ስብሰባው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። የቆቦን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮው ከላይ ይጋገራል። ከላይ የመጣው ኃላፊ ትልቅ ካርታ ሰቅሎ ሁለት ሰዓት አወራ። ሆቴል፣ የገበያ ማዕከል፣ መናኸሪያ፣ ምን የሌለ አለ! እኔ ዓይኔ የኔን ቤት ነው የሚፈልገው። አገኘሁት። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ዛፍ ሆኜ አረፍኩት።

ንግግሩ አልቆ ወረቀቴን ዘርግቼ ልነሳ ስል የቀበሌው ሊቀ መንበር ብድግ አለ። "ወደ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት፣ ሼህ እንድሪስ ስለደከማቸው ይመርቁንና ይሂዱ" አለ።

ሼህ እንድሪስ የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ናቸው። እርጅና ተጫጭኗቸው በከዘራ ነበር የሚሄዱት። እስላሙም ክርስቲያኑም ያለ እሳቸው ምርቃት ልጁን አይድርም።

እዚህ ላይ ልማዳችንን ለማያውቅ ሰው ልንገር። በኛ በራያ ነገር የሚያልቀው በምርቃት ነው። እርቅ ይሁን፣ ሠርግ ይሁን፣ የመሬት ጣጣ ይሁን፣ ያው ነው። ነገር ሲከፈት "ክፉ ቃል አያናግረን" ይባላል። ሲዘጋ ደግሞ "የተባለውን ያጽናው" ይባላል። እሷ ቃል ከወጣች ጨርሰናል ማለት ነው፤ ሰው ተነስቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያንን ነገር የሚያነሳ ምርቃት አፍራሽ ተብሎ ይወራበታል፤ ልቅሶውም ላይ ሰው አይቆምለትም።

አጎቴ ንግግር ካለቀ በኋላ መርቁ ሲባሉ የሚያውቁትን መረቁ። እጃችንን ዘረጋን። አገሩን ሰላም፣ ዝናቡን በልክ፣ ከብቱን ጤና አሉና በመጨረሻ፣ "የተባለውን ያጽናው!" አሉ።

"አሚን!" "አሜን!" አለ አዳራሹ። እኔም ከአፌ አመለጠኝ።

ሰውም በልማዱ ተነሳ። ወንበሩ ይንኳኳል፣ ሰው ወደ በሩ ይጎርፋል። እኔ መሐል አዳራሹ ላይ ወረቀቴን ይዤ ቀረሁ። ቆዩ፣ ጥያቄያችንስ? ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የገዛ አጎቴን ምርቃት እንዴት አድርጌ ላፍርስ? ዳር ዳሩን ያሉት ወጡ፣ መሐል ያለሁት በወንበርና በሰው ተጨንቄ ማላብ ጀመርኩ። እናቴ፣ ግድግዳው፣ ዝናቡ በዓይኔ ላይ ዞሩ።

"ጥያቄ የለም ማለት ነው?" አለ ኃላፊው ደስ ብሎት። እሱ የሌላ አገር ሰው ነው፣ አይፈረድበትም። ሊቀ መንበሩ ግን የኛው ልጅ ነው፣ ልማዱን ያውቃል። አውቆ አድርጎት ይሁን ሳያስብ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በማግስቱ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን አውጥታ አነበበችልኝ፤ "ነዋሪው የቀረበውን ሐሳብ በምርቃት ተቀብሎ ስብሰባው ተጠናቋል" ይላል።

"ጥያቄ ከነበረሽ እዚያው ለምን አልጠየቅሽም?" አለችኝ።

ከቀበሌው ወጣሁና በቀጥታ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ሰላምታም አልሰጠኋቸው። በሩ ላይ ቆሜ ጮህኩባቸው።

"ሸጡን፣ አጎቴ! በምርቃት ሸጡን! እህትዎ ግድግዳ ሲጫናት መጥተው ይመርቁልኛል!"

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቃል ለታላቅ ተናግሬ አላውቅም። አጎቴ አልተቆጡም። "እኔ፣ የእህቴ ልጅ፣ መርቅ አሉኝ መረቅሁ። ጥያቄ እንዳላችሁ መቼ ነገራችሁኝ?" አሉ።

"እንግዲያው ምርቃቱን ያንሱልን።"

"ምርቃት አይነሳም ልጄ። ወጥቷል።"

እንባዬ መጣ። ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ "ያንን ወረቀት ይዘሻል? አንብቢልኝ" አሉ። አነበብኩ። "ድገሚው" አሉ። ደገምኩ። አሁንም "ድገሚው።" የሽማግሌ ማባበያ መስሎኝ ሦስተኛውን በንዴት አነብንቤ፣ ደህና ዋሉም ሳልላቸው ወጣሁ።

ሰኔ ሊገባ ሲል ሁለተኛ ስብሰባ ተጠራ። ይሄኛው ለጥያቄ አይደለም፤ ያው ኃላፊ ሥራው በቅርቡ መጀመሩን ሊያበስረን ነው። ተራራው ላይ ደመና መከማቸት ጀምሯል። የግድግዳው ስንጥቅ እጄን ያስገባል። እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀቴን እንኳ አልያዝኩም።

"ለመክፈቻ ያህል ሼህ እንድሪስ ይመርቁን" አለ ሊቀ መንበሩ።

አጎቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን፤ ኃላፊውም መድረኩ ላይ ሆኖ ዘረጋ። "ክፉ ቃል አያናግረን" አሉ። "አሚን!" አልን። ቀጠሉ።

"ያ ረቢ፣ የታመመችው እህቴ የተኛችበት ግድግዳ ሊወድቅ ነው፤ ዘሀራ ዝናቡ ሳይመጣ እንድታድሰው ፈቃዱን አሰጣት!"

ከዚያ ጋሽ ደሳለኝ ከኋላ "አሜን!" ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ተከተለ።

"ካሳ ሳይከፈል የማንም ቤት አይፍረስ!"

"አሚን!"

"የደሳለኝ ከብት የሚሻገርበት መንገድ ከሐዲዱ ሥር ይከፈት! ሥራው ሲመጣ የአገሩ ልጅ ይቅደም!"

አንድም አልረሱም። ወረቀቱን ከፊት እስከ ጀርባ፣ በተራው፣ በቃላቸው ዱአ አደረጉት። ፊደል የማያነቡት አጎቴ! ያን ቀን "ድገሚው" ያሉኝ ለካ ለዚህ ኖሯል። ሊቀ መንበሩ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ኃላፊው መጀመሪያ ፈገግ ብሎ አሚን ሲል ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ነገሩ ገባው። ግን ምን ያድርግ? ዱአ መሐል እጅ አይታጠፍም፤ ያውም መድረክ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው። እሱም እንደኔ ተያዘ። እጁን ዘርግቶ አሚን ማለቱን ቀጠለ።

በመጨረሻ አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይቺ ልጅ ዘሀራ ተጨንቃ ክፉ ቃል ተናግራኛለች። እኔ ከልቤ ይቅር፣ አውፍ ብያታለሁ፤ አንተም አውፍ በላት፣ ንዴቷን አብርድላት።"

"አሚን!" አለ አዳራሹ በሙሉ።

እኔ አላልኩም። እጄ እንደተዘረጋ እንባዬ መዳፌ ላይ ይንጠባጠባል፤ አሚን ልል እታገላለሁ፣ አልወጣ አለኝ። እሷን አንዲት ቃል ሳልል አጎቴ ጨረሱ።

"የተባለውን ያጽናው!"

ሰው "አሚን" ብሎ ተነሳ። የመጀመሪያ ቀን እንደሆነው ወንበሩ ተንኳኳ፣ ሰው ወደ በሩ ጎረፈ። ኃላፊው የንግግሩን ወረቀት ይዞ መድረኩ ላይ ብቻውን ቀረ። "አልጀመርንም እኮ!" ይላል። የሚሰማው የለም።

አጎቴን በባጃጅ ወደ ቤት ወሰዷቸው። እኔና ሰፈርተኛው እዚያው በሊቀ መንበሩ ላይ ቆምን። "ያኔ በምርቃት ተቀበሉ ብለህ ጽፈህብናል፤ ዛሬም አንተ በምርቃት ተቀብለሃል፣ ጻፍልን" አልነው። ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም። በማግስቱ ወረቀት ሰጠኝ፤ ጊዜያዊ እድሳት፣ ለአንድ ግድግዳ ብቻ ይላል።

ደመናው እየተጫነን ነው፣ አንድ ቀን የሚባክን የለም። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ድንጋይ ተቆለለ፣ ጭቃ ተቦካ። አጎቴ ጋ ሄጄ እግራቸው ላይ እንደምወድቅ በየቀኑ አስባለሁ፤ ግድግዳው ይለቅና፣ ምርጉ ይለቅና እያልኩ አሳደርኩት።

የመጨረሻውን ምርግ ስመርግ ነው መርዶው የመጣው። አጎቴ የንጋቱን ሱብሒ ሰግደው ጋደም እንዳሉ በዚያው አልፈዋል። እጄ ጭቃ እንደሆነ ሮጥኩ። ስደርስ ተከፍነዋል።

ዝናቡ በዚያ ሳምንት መጣ። ጎርፉም እንደ ልማዱ ወረደ። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። እናቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት በዚያ ክፍል ኖራ፣ በአልጋዋ ላይ፣ በሰላም ሄደች።

የቀረውን ጥያቄ እስከ ዛሬ የመለሰልን የለም። ጣቢያው አልተሠራም፣ ካሳው አልመጣም፣ ክልከላውም አልተነሳም። ችካሉ ቀለሙ ለቆ እዚያው ማድቤቴና ሽንት ቤቴ መካከል ቆሟል። መሸጥ የለም፣ ማደስ የለም። አሁንም እንደተያዝኩ ነኝ፤ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ።

ጓዳ ስገባ ያንን ግድግዳ በመዳፌ እዳብሰዋለሁ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ያላትን፣ እኔ ብቻ ያላልኳትን ቃል ለእሱ እነግረዋለሁ።

አሚን፣ አጎቴ። አሚን።