ወደ ውጭ የሚወጣ ጎማ

ጎሚስታው ሰውየውን ከሰላምታ አልፎ አያውቀውም። በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሹፌሩ ያመጣውን አዲስ የጎማ ቸርኬ ጎሚስታው መሬት ላይ ደፋው፤ ጀርባው ላይ ዱላ አጋደመና እስከ ብሎኑ መቀመጫ ያለውን ጥልቀት በጣቱ ለካ። ከአሮጌው በሦስት ጣት ያንሳል።

«ወንድሜ፣ ይሄ ጎማውን ወደ ውጭ ያወጣዋል። ኩሽኔታው ተበልቶ ቁልቁለት ላይ ጉድ ይሠራሃል» አለ ጎሚስታው።

«መች አጣሁት። ግጠመው።»

«መልሰዋ! መኪናዋን ሙሽራ ልታስመስላት ነው?»

«የገዛው የሚስቴ ወንድም ነው። ያማረ መኪና ይወዳል። መኪናውም የሱ፣ የምንተኛበትም ቤት የሱ።» ፈገግ ሊል ሞከረ።

«እሱ ምን አለበት፣ አያሽከረክራት። ሚስትህስ ይሄን ታውቃለች?»

ሰውየው ጋቢና ገባና መስታወቱን እስከ ላይ ዘጋው።